ናኖቲዩቡ አልቀባ ሲል፦ ማዞሪያውን ከመንካታችሁ በፊት

«ጋሼ፣ ልጨምረው?»

ላቦራቶሪ ውስጥ አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ ነው። ተማሪው የብረቱን ቁራጭ ከቢከሩ፣ ማለትም ፈሳሹ ካለበት ብርጭቆ ዕቃ፣ ያወጣል። አገላብጦ ያየዋል። ጥቁር መሆን የነበረበት ብረት እንዳብረቀረቀ ወጥቷል። ወዲያው እጁ ቮልቴጅ ለመጨመር ወደ ፓወር ሰፕላዩ (ኮረንቲ ወደሚሰጠው ዕቃ) ማዞሪያ ይሄዳል።

አትጨምረው እለዋለሁ። መጀመሪያ ቢከሩን እንየው።

ካርቦን ናኖቲዩብን በኤሌክትሪክ መስክ ስንቀባ ሥራው ቢበላሽ፣ ጥፋቱ የቮልቴጅ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ብጥብጡ፣ ናኖቲዩቡ የተበተነበት ፈሳሽ፣ ነው። ማዞሪያው ግን ቅርብ ነው፣ ቁጥሩም ይታያል። ስለዚህ እጃችን እሱን ይቀድማል። ይህን የምጽፈው እንደኛ ጅማ ውስጥ በጥቂት ዕቃ ለምትሠሩ ነው። ናኖቲዩቡ ከውጭ ታዝዞ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርሰን። አንድ ግራም ሲባክን ያማል።

ነገሩ በአጭሩ

ናኖቲዩብ ከካርቦን የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ ነው። ብዙ ግድግዳ ያለው ዓይነት ውፍረቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 50 ናኖሜትር ነው። እንዲሁ ፈሳሽ ውስጥ ብትጨምሩት እርስ በርሱ ተያይዞ ይጓጉላል። ስለዚህ በሰልፈሪክና በናይትሪክ አሲድ ቅልቅል ይታከማል። ያን ጊዜ ገላው ላይ ካርቦክሲል የሚባሉ ቡድኖች ይበቅላሉ። እነሱ ሃይድሮጅናቸውን ሲለቁ ቱቦው ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ተመሳሳይ ቻርጅ ስለሚገፋፋ ቱቦዎቹ ተበታትነው ይቆያሉ። ሁለት ኤሌክትሮድ (ኮረንቲ የሚገባባቸው ብረቶች) አስገብታችሁ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኮረንቲ) ስትሰጡ ደግሞ ወደ ፖዘቲቩ ሄደው ይለጠፋሉ።

ምን ያህል እንደሚለጠፍ የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው የናኖቲዩብ መጠን፣ የቱቦዎቹ ፍጥነት፣ የመስኩ ጥንካሬ፣ የብረቱ ስፋትና ሰዓቱ። የፊዚክስ ሊቁ ሃማከር በ1940 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ቀመር ይኸው ነው። ማዞሪያው የሚነካው ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነው።

እኛ የምንነሳው ከዚህ ነው፦ በሚሊሊትር አልኮል 0.5 ሚሊግራም ናኖቲዩብ፣ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል 1 ሴንቲ ሜትር፣ 20 ቮልት፣ 2 ደቂቃ። የምንቀባው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ነው። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ መነሻ አንጻር ነው።

ምንም አልተቀባም

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ። ክሊፑ ብረቱን በደንብ ነክቷል? ክሊፕ ይዝጋል፣ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። በመልቲሜትር ራሱን ብረቱን ለኩ። የፓወር ሰፕላዩን ስክሪን አትመኑ። ብረቶቹ ላይ 20 ቮልት ከደረሰ ሽቦውን እርሱት፣ ወደ ቢከሩ እንሂድ።

ብጥብጡን በጠርሙስ አሳድሩት። ጠዋት ከላይ ጠርቶ፣ ጥቁሩ ሁሉ ከታች ከተኛ ቻርጅ የለውም ማለት ነው። በሶ በጥብጣችሁ ብትረሱት እንደሚዘቅጠው ነው። ደህናው ብጥብጥ ሲያድርም እንደ ጥቁር ቀለም ሆኖ ይቆያል፤ ከታች ትንሽ አተላ ቢኖረው ችግር የለም። ሌላም ፈጣን መንገድ አለ። አንዲት ጠብታ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣሉ። እኩል ተሰራጭቶ ግራጫ ክብ ከሠራ ጥሩ ነው። መሃል ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ትቶ ውሃው ብቻ ከሸሸ ጓጉሏል።

ለምን ይጓጉላል? ሦስት ምክንያት ደጋግሞ ገጥሞኛል።

አንደኛው አሲዱ በደንብ አለመታጠቡ ነው። አሲድ ሲበዛ ካርቦክሲሉ ሃይድሮጅኑን አይለቅም። ቻርጅ አይኖርም፣ መገፋፋትም አይኖርም። መፍትሄው ማጠብ ነው። ማጣሪያ ላይ አድርጋችሁ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። የሚወጣው ውሃ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ከምታጠቡበት ውሃ ፒኤች ጋር እስኪቀራረብ አታቁሙ። አሰልቺ ነው። አምስት ጊዜ ታጥቦ ገና የሚሆንበት ቀን አለ። ቢሆንም ይህን ያሳጠረ ሰው በኋላ ሦስት ቀን ይከፍላል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ናይትሪክ አሲድ የነበረበትን ዕቃ ሳታጥቡ አልኮል ወይም አሴቶን አትጨምሩበት። ናይትሪክ አሲድና አልኮል ሲገናኙ ይሞቃሉ፣ ጋዝ ይለቃሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። የሁለቱን ቆሻሻ በአንድ ጠርሙስ አታጠራቅሙ። አሲዱን የምትሠሩትም ጭስ ማውጫ ባለበት ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌላም ጨው አለ። ከነሱ የሚወጡት አዮኖች (ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች) በቱቦዎቹ ዙሪያ ተሰብስበው ቻርጁን ይሸፍኑታል። መገፋፋቱ ይቀርና ቱቦዎቹ ይያያዛሉ። በዚያ ላይ ኮረንቲውን የሚሸከሙት አዮኖቹ ይሆናሉ። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ብዙ አምፔር ያሳያችኋል፣ ብረቱ ግን ባዶ ነው። በጣም የሚያታልለው ይህ ነው። «ኮረንቲ እየሄደ ነው እኮ» ይባላል። ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ናኖቲዩቡ አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። መጀመሪያ ባዶውን አልኮል ወይም ውሃ አስገብታችሁ በ20 ቮልት ምን ያህል ሚሊአምፔር እንደሚሄድ ጻፉ። ከዚያ በብጥብጡ ለኩ። ትንሽ መጨመሩ የታወቀ ነው። በብዙ እጥፍ ከዘለለ ጨው ወይም አሲድ ገብቷል። ባዶው ራሱ ብዙ ካሳየ ደግሞ ጥፋቱ የፈሳሹ ነው። በተጣራ ውሃ ፈንታ የባትሪ ውሃ ለሚጠቀሙም አንድ ቃል ልጨምር። «የባትሪ ውሃ» ስትሉ አንዳንዱ ሻጭ የባትሪ አሲድ ያነሳላችኋል። ፒኤች ሳትለኩ አትቅዱት።

ሦስተኛው በቂ አለመበታተኑ ነው። ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚበትን ዕቃ) ውስጥ 10 ደቂቃ ከርሞ የወጣ ናኖቲዩብ ለዓይን ጥቁር ስለሆነ ያለቀለት ይመስላል። ሰዓቱን ጨምሩ፤ 30 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። በየመሃሉ ግን አሳርፉት። የሶኒኬተሩ ውሃ ይሞቃልና አልኮሉ ይተናል። ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እንኳ ከ95 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ አልኮሉማ ክዳኑ ከላላ ይጠፋል። ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩ፣ የጎደለውን ሙሉ። ዘንግ ያለው ኃይለኛ ሶኒኬተር ካላችሁ ደግሞ አታብዙት። ቱቦዎቹን ይቆራርጣቸዋል።

ሴንትሪፊውጅ (አሽከርክሮ አተላውን የሚለይ ዕቃ) የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ጀበና እንዴት እንደሚቀዳ ሁላችንም እናውቃለን። ቡናው እስኪሰክን ይጠበቃል፣ ቀስ ተብሎ ይቀዳል፣ አተላው ከታች ይቀራል። ብጥብጡንም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ የላይኛውን ብቻ በቀስታ ወደ ንጹሕ ቢከር ገልብጡ። አተላውን አትድፉት። ታጥቦ እንደገና ሶኒኬተር ይገባል።

ተቃራኒው ብረት ጠቆረ

አንዳንዴ ናሙናው ባዶውን ይቀርና ማዶ ያለው ኤሌክትሮድ ይጠቁራል። ሽቦ ተገላብጦ ከሆነ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ሽቦው ልክ ከሆነ ግን የቱቦዎቹ ቻርጅ ተገልብጧል። ማግኒዚየም ናይትሬት ወይም መሰል የሜታል ጨው የጨመረ ሰው ይህ ይገጥመዋል። የሜታሉ አዮኖች ቱቦው ላይ ይቀመጣሉ፣ ፖዘቲቭ ያደርጉታል፣ ወደ ኔጋቲቩ ይሄዳል። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም። አውቃችሁ ከሆነ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ያልታወቀ ብጥብጥ ሲሰጣችሁ ሁለት ተራ ቁራጭ ብረት አስገቡና በ10 ቮልት ሁለት ደቂቃ አቆዩ። የቱ እንደጠቆረ አይታችሁ ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።

እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ

ይህን ምስል ሁሉም ያውቀዋል። ቅቡ ጥቁር ነው፣ ግን ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ሞልተውታል። ምክንያቱም ከእንጀራ ዓይን ጋር አንድ ነው፤ ጋዝ ነው። ከ1.23 ቮልት በላይ ስትሰጡት ውሃ መበጠስ ይችላል። ከፖዘቲቩ ኦክስጅን ይወጣል፣ ከኔጋቲቩ ሃይድሮጅን። አረፋው ከብረቱ ተነስቶ ሲወጣ የተለጠፈውን ናኖቲዩብ በስቶት ያልፋል።

እዚህ ላይ ቮልቴጅ መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ውሃ ውስጥ ከሆናችሁ ወደ 5 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ውረዱ፣ ሰዓቱን አርዝሙ። ኮረንቲውን እያቆራረጡ መስጠትም ይረዳል። ትንሽ ሰጥቶ ማረፍ፣ ትንሽ ሰጥቶ ማረፍ፤ አረፋው ለማደግ ጊዜ ያጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከውሃ ወደ ኢታኖል ወይም አይሶፕሮፓኖል መሻገር ነው።

«በአልኮል ነው የምንሠራው፣ ግን አረፋ አለ» ላላችሁ፣ አልኮላችሁን ጠይቁት። ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶው ሲሦ ገደማ ውሃ ነው። ሳኒታይዘር የባሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመርበታል። አንድ ጊዜ ራሴ ሦስት ቀን ያባከንኩት በዚህ ነው። ከገበያ የተገዛው ጠርሙስ ላይ «96» ይላል፣ እኔም አምኜ 20፣ 30፣ 60 ቮልት እያልኩ ወጣሁ። ብጥብጡን ጥዬ ባዶውን አልኮል ብለካው ኮረንቲው ከሚጠበቀው በላይ ዘለለ። አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት በ20 ቮልት ተቀባ።

የጅማ ክረምትም ድርሻ አለው። አልኮል ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚሰነብትበት ወቅት ክፍት የቆየ ቢከር በቀናት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል። ጠርሙሱን ወዲያው ክደኑ። የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት። በየካቲት የሠራ ነገር በሐምሌ እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ አልኮሉን ቀይሩ።

ጠርዙ ወፈረ፣ መሃሉ ሳሳ

የኤሌክትሪክ መስክ ጠርዝና ሹል ቦታ ላይ ይበረታል። ቅቡም ወደዚያ ይሰበሰባል። ሁለቱ ብረቶች ትይዩ መሆናቸውን እዩ። አንዱ ጎን 8 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 12 ከሆነ ቅቡ ወደ ቀረበው ጎን ያደላል። ማዶ ያለው ኤሌክትሮድ ከናሙናው ጋር እኩል ወይም ሰፋ ያለ ይሁን። ኤሌክትሮዶቹን የምንይዘው በሁለት ስንጥቅ በተበሳ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ርቀቱ አይነቃነቅም። ያቺ ቁራጭ ፕላስቲክ ከብዙ ውድ ዕቃ በላይ ጠቅማናለች። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስም አይርሳ።

ታችኛው ጫፍ ብቻ ከወፈረ ግን መስኩ አይደለም፣ ዝቃጭ ነው። ወደ ጀበናው ተመለሱ።

ሲደርቅ ተሰነጠቀ

ከቢከሩ ሲወጣ ያምራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ በጋ መረሬ ተሰነጣጥቋል። ፈሳሹ ሲተን ቱቦዎቹን እርስ በርስ ይስባቸዋል፤ ቅቡ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም። ውሃ ገጽታው ላይ ያለው የመሳብ ኃይል ከኢታኖል ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በውሃ የተሠራ ቅብ አብዝቶ ይሰነጠቃል።

ሦስት ነገር አድርጉ። ቅቡን አሳሱት፤ በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ ከማቆየት በአንድ አንድ ደቂቃ እያደረቁ መደራረብ ይሻላል። አግድም አስተኝታችሁ አድርቁ። ከዚያም አትቸኩሉ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ሳህን ገልብጣችሁ ሸፍኑት፣ ከሥሩ ትንሽ አየር ይግባበት። በክረምት የጅማ አየር ራሱ ያዘገየዋል፤ እዚህ ላይ እርጥበቱ ወዳጃችን ነው።

ስትነኩት ይረግፋል

ደርቋል፣ ጠቁሯል፣ ጣት ሲነካው ግን ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ የብረቱን ንጽሕና እዩ። ምጣድ የምናስሰው እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የጣት ቅባት እንኳ ያሰናክላል። ብረቱን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ሸከር አድርጉት፣ በሳሙና እጠቡት፣ በተጣራ ውሃ ከዚያም በአልኮል አለቅልቁት። መፈተኛው ውሃ ነው። ውሃው ወጥ ሆኖ ከሸፈነው ጸድቷል። ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከሸሸ ቅባት አለ፤ እንደገና እጠቡ።

ከጸዳም በኋላ ከረገፈ ቅድም ያነሳሁት ማግኒዚየም ናይትሬት ይመጣል። አይሶፕሮፓኖል ውስጥ በጣም ጥቂት ስትጨምሩ ቱቦው ፖዘቲቭ ይሆንና ኔጋቲቩ ላይ ይለጠፋል። እዚያው ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል፤ ቱቦዎቹንም ከብረቱ ጋር እንደ ሙጫ ያያይዛል። ሲበዛ ግን ብጥብጡ ይጓጉላል፣ ቅቡም ነጣ ይላል። ቅንጣት ጨምሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላ ቅንጣት።

ደርቆ ካለቀ በኋላ 120 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ማቆየትም ያጠነክረዋል። አየር ባለበት ወደ 400 ዲግሪ አታስጠጉት። አሲድ የነካው ናኖቲዩብ መቃጠል ሊጀምር ይችላል።

የሚረግፈውን ነገር በተመለከተ አልቀልድም። ደረቅ ናኖቲዩብ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ባለ ብዙ ግድግዳ ዓይነት ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት መድቦታል። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ በ2013 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ነው። በዓይን የማይታይ መጠን ነው። ደረቁን ዱቄት የምትመዝኑት ነፋስ በሌለበት፣ ደህና የአቧራ ጭንብልና ጓንት አድርጋችሁ ይሁን። የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። መጥረጊያ አይነካውም።

ከቅቡ ሥር ዝገት ወይም አረንጓዴ ታየ

ፖዘቲቩ ላይ ያስገባችሁት መዳብ ወይም ተራ ብረት ከሆነ ራሱ ይሟሟል። አዮኑ ቅቡ ውስጥ ይገባል፣ ብጥብጡንም ያበላሻል። ስቴንለስ ወይም ግራፋይት ተጠቀሙ። መዳብ የግድ ከሆነ በማግኒዚየሙ መንገድ ኔጋቲቭ አድርጉት።

የመጀመሪያው አማረ፣ አስረኛው ሳሳ

ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሂሳብ ነው። 100 ሚሊሊትር ብጥብጥ በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ቢይዝ ጠቅላላው 50 ሚሊግራም ነው። 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናሙና በካሬው 0.2 ሚሊግራም ቢወስድ በአንድ ጊዜ 1.2 ሚሊግራም ይሄዳል። ከአስር ናሙና በኋላ 12 ሚሊግራም ጎድሏል፤ ሩብ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ማዶኛው ኤሌክትሮድና የቢከሩ ግድግዳ የወሰዱት ሲደመር ይብሳል። ናሙና ከመግባቱ በፊትና ከደረቀ በኋላ መዝኑ። የቅቡ ክብደት ሲወርድ ብጥብጡን አድሱ።

መብራት ጠፋ

መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ናሙናውን ፈሳሹ ውስጥ አትተዉት። መስኩ ሲጠፋ ገና ያልጠበቀው ቅብ ተመልሶ መበተን ይጀምራል። ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡትና አስተኝታችሁ አድርቁት። ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በደህናው ቀንም ቢሆን ቮልቴጁ እንደበራ ናሙናውን ማውጣት ቅቡን ያድነዋል፤ ሁለቱ ክሊፖች እንዳይነካኩ ብቻ ተጠንቀቁ። የአልኮል ትነት ባለበት አንዲት ብልጭታ በቂ ናት።

እኛ አሁን ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አያይዘን 24 ቮልት እናገኛለን። ባትሪው የሚሰጠው ዲሲ ለስላሳ ነው። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ የለውም። ሽቦው ላይ ፊውዝ አድርጉ። ባትሪውን ከቢከሩ አርቃችሁ ወለል ላይ አስቀምጡ። ማብሪያ ማጥፊያውም እዚያው ባትሪው ዘንድ ይሁን። ሽቦ የምታገናኙት ብጥብጡ ሳይቀዳ ነው። 24 ቮልት ለ1 ሴንቲ ሜትር በዛ ካላችሁ ርቀቱን 1.2 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ያው 20 ቮልት በሴንቲ ሜትር ይሆናል። ማዞሪያ እንኳ አያስፈልገውም።